«ስኳርዎ ጥሩ ነው» ተብዬ ከተመለስኩ በኋላ

የምኖረው ደሴ፣ ሸዋበር ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቀጠሮዬ ሲቃረብ ለሦስት ለአራት ቀን እንጀራ ቀንሼ፣ ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቼ፣ የስኳር መድኃኒቴን ሜትፎርሚንን ሳላዛንፍ ውጬ እሄድ ስለነበር በባዶ ሆዴ የሚለካው ቁጥር ሁልጊዜ ያማረ ነበር። ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ እንዴት እንደምኖር የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።

አንድ እሑድ ጠዋት ቶናው ተቀድቶ ሲኒዬን ስቀበል ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ፤ ጣቶቼ እያየኋቸው ሲኒውን ለቀቁትና ቡናው ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። ባለቤቴን ልጠራ ስል አንደበቴ ተሳሰረ፣ አፌም ወደ ግራ ተጣመመ። አብረውን ቡና ይጠጡ የነበሩ እናት «ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ ይታሽልህ» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ።

ቢሆንም ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እዚያ የሆነው ነው። የተቀበለኝ ባለሙያ ጣቴን ወግቶ 118 ሲያነብ ፊቱ በራ፤ «ስኳርዎ ጥሩ ነው፣ ድካም ይሆናል፣ አረፍ ይበሉ» አለኝ። ደም ግፊቴ 165 በ95 ሲሆን ደግሞ «ደንግጠው ነው» ብሎ አለፈው። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አፉ የተጣመመ ሰው ወዲያው ስኳሩ የሚለካው በጣም ወርዶ የስትሮክን (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ምልክት አስመስሎ እንደሆነ ለመለየት ነው። ስለዚህ 118 ሊያረጋጋን ሳይሆን «እንግዲያው ችግሩ የአንጎል ደም ሥር ሊሆን ይችላል» አሰኝቶ ሊያስደነግጠን ይገባ ነበር። ታይቶ የሚጠፋ ስትሮክ ዋናውን የማስከተል አደጋው ከሁሉ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ እኔ እነዚያን ቀናት እንደታዘዝኩት ተኝቼ አሳለፍኳቸው። በራሴም እናደዳለሁ፤ «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ሲለኝ «አዎን» ብዬ ዋሽቻለሁና።

ማክሰኞ ለሱብሂ ልነሳ ስል ቀኝ ጎኔ አልታዘዝ አለኝ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት፤ እኔን ግን በእንቅልፌ መቼ እንደጀመረኝ የሚያውቅ አልነበረም። ሲቲ ስካን የሚባለው የጭንቅላት ምርመራ አንጎሌ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ ካሳየ በኋላ አስፒሪን ተጀመረልኝ።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለካው ያን ጊዜ ነው፤ 9.8 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ስኳር በሽታ ነው የሚባለው ከ6.5 ጀምሮ ነው። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር በላዩ የተጣበቀውንና ይህ ምርመራ የሚለካውን ስኳር የአራት ቀን ጥንቃቄ አይሸፍነውም። ያ ስኳር በዓመታት የደም ሥሬን ውስጠኛ ግድግዳ ሲያቆስል፣ ስብ ሲለጠፍበት፣ ግፊቱም ሲያጠነክረው እኔ በቀጠሮ ቀን ቁጥር እደሰት ነበር።

አመጋገቤን አስተካከልኩ፣ ጨው ቀነስኩ፣ የግፊት መድኃኒትና የኮሌስትሮል ክኒን ጀመርኩ፣ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ። «በባዶ ሆድዎ ይምጡ» ቢባልም ያ ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ ለቀጠሮ ተብሎ አመጋገብ መለወጥ ሐኪምንም ራስንም ማታለል ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ ካልታዘዘላችሁ ጠይቁ፤ ከኪሳችሁም ቢሆን ክፈሉበት።

ከአሥር ወር በኋላ 6.9 ደርሻለሁ። ባለቤቴ ግን አሁንም ሲኒዬን አጋምሳ ትቀዳልኛለች፤ እኔም በሁለት እጄ እቀበላታለሁ።