ሴሎቹ አልሄድ ካሉ መጠኑን አትጨምሩ

ሴሎችን ወደ ራሱ የሚስብ ፕሮቲን (ኬሞካይን) ገዝታችሁ፣ ሴሎች ሲከተሉት ልትለኩ ነው እንበል። ብልቃጡን ወደ ብርሃን ብታነሱት ባዶ ሊመስላችሁ ይችላል። 10 ማይክሮግራም ደረቅ ፕሮቲን ቢበዛ ግድግዳው ላይ እንደ ስስ ጉም የተለጠፈ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይታይም። ሳትከፍቱት ለ30 ሰከንድ ያህል በሴንትሪፉጅ አዙሩት። ክዳኑ ላይ የቀረ ካለ ስትከፍቱት አብሮ ይሄዳል።

ይህ የአይጥ ሲኤክስሲኤል12 አልፋ ነው፤ በድሮ ስሙ ኤስዲኤፍ-1። 68 አሚኖ አሲድ፣ ወደ 8 ኪሎዳልተን። ሲኤክስሲአር4 ተቀባይ ያላቸውን ሴሎች፣ ቲ ሴል የተባለውን ነጭ የደም ሴል ጨምሮ፣ ወደ ራሱ ይስባል። ከሰው አቻው የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ስለሆነ የሰው ሴልም ይከተለዋል። ሌሎቹ ኬሞካይኖች ግን እንዲህ ገር አይደሉም፤ የአይጡን በሰው ሴል ላይ ከመሞከራችሁ በፊት አጣሩ።

ማሟሟቱ ቀላል ነው። 0.1 በመቶ የላም አልቡሚን ባለው ንጹሕ ፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው ውሃ) 100 ማይክሮሊትር ጨምሩበት፤ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ይሆናል። በማናወጫ ማሽን (ቮርቴክስ) አታናውጡት፣ አረፋ ፕሮቲኑን ይጎዳል። 15 ደቂቃ አስቀምጡትና በጣት መታ መታ አድርጉት። ከዚያ 10፣ 10 ማይክሮሊትር አከፋፍላችሁ በ-80 ዲግሪ አስቀምጡ። አንዴ የቀለጠ አይመለስም፤ የተረፈውን ድፉት፣ ቢያንገበግብም።

አልቡሚኑ ለጌጥ አይደለም። ይህ ፕሮቲን አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል። ያለ አልቡሚን በሚሊ ሊትር ወደ 100 ናኖግራም ካቀጠናችሁት ከፊሉ ቱቦው ላይ ይቀራል፤ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት መጠንና ሴሉ የሚያገኘው አይገናኙም። አልቡሚን የማይፈለገው ለምሳሌ ፕሮቲኑን በቀለም ስታስሩት ነው፤ ቀለሙን እሱ ይሻማዋል።

ለቲ ሴል 5 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው፣ ባለ 24 ጉድጓድ ትራንስዌል (ጉድጓዱ በወንፊት ላይና ታች የተከፈለ ሳህን) ይበቃል። ታች ኬሞካይን ያለበት 600 ማይክሮሊትር፣ ላይ 100 ማይክሮሊትር ከ500,000 ሴል ጋር። ሚዲየሙ (የሴል ማቆያ ፈሳሹ) አርፒኤምአይ ከ0.5 በመቶ አልቡሚን ጋር ነው፤ አስቀድማችሁ አሙቁት። 37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። ወንፊቱን ስታስገቡ አጋድላችሁ አውርዱት፤ ከሥሩ አንዲት አረፋ ከቀረች ያ ጉድጓድ ሞቷል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ሴሎቹ ካልወረዱ አብዛኛው ሰው እጁ የሚሄደው መጠን ወደ መጨመር ነው። ውጤቱ ግን ደወል ቅርጽ አለው፦ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። ሴሉ የሚሄደው በኬሞካይኑ መጠን ልዩነት ነው፤ ሁሉም ተቀባይ ከተያዘ በየት በኩል እንደሚበዛ አይለይም፣ ተቀባዩንም ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ 10፣ 30፣ 100፣ 300 እና 1000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አብራችሁ ሞክሩ። 100 ናኖግራም ወደ 12.5 ናኖሞላር ነው፤ ጫፉ ብዙ ጊዜ በዚያ አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ሴረም (የረጋ ደም ፈሳሽ) ነው። በውስጡ ያለው ዲፒፒ4 የተባለ ኢንዛይም የፕሮቲኑን የመጀመሪያ ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ላይሲንና ፕሮሊንን፣ ይቆርጣል። የቀረው ተቀባዩን አያነቃም፤ ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ኤሊዛ ግን እንደ ደህናው ሊቆጥረው ይችላል። አልቡሚን በሴረም የማይተካው ለዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት ለማጥሪያ የሚጨመረው የሂስቲዲን ጭራ በፊት በኩል የተቀጠለ ፕሮቲን አትግዙ። ሲሲኤል5 በተባለው ሌላ ኬሞካይን ላይ በፊቱ አንዲት ሜቲዮኒን ብትቀር እንኳ ቀስቃሹ ወደ አጋጅነት እንደሚለወጥ በ1996 ታይቷል።

ማነጻጸሪያዎቹን አትዝለሉ፦ ኬሞካይን የሌለበት ጉድጓድ፣ ላይና ታች እኩል ያለበት (ያለ አቅጣጫ መንቀሳቀስን ይለያል)፣ ሲኤክስሲአር4ን የሚዘጋው ኤኤምዲ3100 የተጨመረበት። በተጨማሪ 50,000 ሴል በቀጥታ ታች ጨምሩ፤ የ10 በመቶ መለኪያችሁ ይሆናል። ቆጠራው በፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚያሳልፍ መሣሪያ)፣ ለሁሉም ጉድጓድ በእኩል ፍጥነትና በእኩል 60 ሰከንድ።

ማክሮፋጅ (ባክቴሪያን የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ላይ ከሆነ የምትሠሩት የኢንዶቶክሲኑን፣ ማለትም የባክቴሪያውን መርዝ፣ ቁጥር ከሰነዱ ፈልጉ፤ ፕሮቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ኢ ኮላይ ከተባለው ባክቴሪያ ነው የሚወጣው። በማይክሮግራም 1 ዩኒት ቢሆን፣ በ100 ናኖግራም ስትሠሩ በሚሊ ሊትር 0.1 ዩኒት ይገባል። ሳይቶካይን (ሴሎች የሚለቁትን መልእክተኛ ፕሮቲን) የምትለኩ ከሆነ ኢንዶቶክሲንን የሚያስር ፖሊሚክሲን ቢ ያለበት አንድ ጉድጓድ ጨምሩ፤ ምልክቱ ከጠፋ ያያችሁት የባክቴሪያውን ሥራ ነበር።