የሞተር ዘይት በኪሎ ሜትር ወይስ በሰዓት?

አዲስ አበባ ውስጥ ዘይት ያስቀየረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ትንሽ ካርድ አለች። ዘይቱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረና በስንት መቀየር እንዳለበት ተጽፎባት መኪናው ውስጥ ትንጠለጠላለች፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ 5,000 ነው። ይህ ቁጥር ለየትኛው ሞተርና ለየትኛው መንገድ እንደተወሰነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለናረ ግን ጉዳዩ የኪስም ጉዳይ ሆኗል። አንዱ «ዘይቱ ሲንተቲክ (በኬሚካል ሂደት የተቀመመ) ከሆነ 10,000 ያለ ችግር ይሄዳል» እያለ ያራዝመዋል፤ ሌላው ደግሞ «ለሞተሬ አልሰስትም» ብሎ 3,000 ሳይሞላ ያስቀይራል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ የሚከራከሩበት መለኪያ ራሱ ለከተማችን አይመጥንም።

ዘይት የሚደክመው ጎማው በዞረው ልክ ሳይሆን ሞተሩ በሠራው ልክ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ የሚሄድ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ይቆማል፤ ሞተሩ ግን ቆሞም ይሠራል፣ ዘይቱም ይዞራል፣ ይሞቃል፣ ይቆሽሻል። የቆመበት ጊዜ ሁሉ ተቆጥሮ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሞተሩ ከ330 ሰዓት በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ያው መኪና በአዲስ አበባና በሐዋሳ መካከል ሲመላለስ ከርሞ አማካይ ፍጥነቱ 60 ቢሆን ኖሮ ያንኑ 5,000 የሚጨርሰው በ83 ሰዓት ገደማ ነበር። አራት እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው፤ ካርዷ ላይ ግን ሁለቱ መኪኖች እኩል ናቸው። መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው ጄኔሬተር የትም ስለማይሄድ የተገጠመለት ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ ብዙዎቹ የናፍጣ ጄኔሬተሮችም በየ250 ሰዓቱ ዘይታቸው እንዲቀየር ይመከራል። በመጨናነቅ ውስጥ የሚውል መኪና ደግሞ ከሐዋሳው መንገደኛ ይልቅ ለጄኔሬተሩ ይቀርባል።

ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ነገር በተነሳ ቁጥር «እኛ እዚህ በዓመት አንዴ ነው የምንቀይረው» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ በሚያወጣው መመሪያ 0ደብሊው-20 (ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ያሳያል፤ ሲያንስ ቀጭን ነው) ሲንተቲክ ዘይት ለሚጠቀሙ ሞተሮቹ 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ይፈቅዳል፤ ይህም ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ያው መመሪያ ከዚያ ሳይርቅ መኪናው በአቧራማ ወይም ባልተነጠፈ መንገድ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም እንደ ታክሲና ዕቃ አመላላሽ ሞተሩ ሳይጠፋ ብዙ የሚቆምና በዝግታ የሚጓዝ ከሆነ ጊዜው በግማሽ ወርዶ 5,000 ማይል ወይም 6 ወር እንደሚሆን ይናገራል። እዚያ «ልዩ ሁኔታ» ተብሎ የተጻፈው እዚህ የአዘቦት ቀን ነው። በዚያ ላይ በመንገድ ቁፋሮው ምክንያት አቧራ የማይጠጣ መኪና በከተማችን ማግኘት ይቸግራል።

በዘይቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ለውሳኔው በጣም ይረዳል። ሞተሩ በጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ስለሚረጭ፣ ያልተቃጠለው ጥቂት ቤንዚን በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል አልፎ ወደ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት ገንዳ፣ ይወርዳል። ቤንዚን ሲቃጠል የሚፈጠረው የውኃ እንፋሎትም እንዲሁ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ረዘም ላለ ጊዜ ቢሠራ ሁለቱም ተንነው ይወጣሉ። ነገር ግን የራዲያተሩ ውኃ ሞቆ ጠቋሚው መሃል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ሙቀቱን አልጨረሰም፤ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ልጆችን ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና ዘይቱን ሳያሞቅ ይጠፋል፣ በማግስቱም ያንኑ ይደግማል። ውኃው ከቃጠሎው ጋዝ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱን እንዲያመክኑና ቆሻሻውን እንዲያጥቡ ዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ኬሚካሎች ደግሞ በሥራ ላይ ያልቃሉ። እነርሱ ካለቁ በኋላ ኮፓው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ዘይት ይመስላል እንጂ የዘይት ሥራ አይሠራም። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ዝቃጭ የምናየው እንዲህ ሰንብቶ በከረመ ሞተር ላይ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ግን ለሁሉም መኪና አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና በዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፤ የተረፈውም ዘይቱን ያቀጥናል። በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ራሱን ስለሚያስተካክል ይህ አያሳስበውም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በተለመደ የሥራ ሳምንት ውስጥ ሞተሩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ እመዘግባለሁ፣ በሳምንቱ መጨረሻም የተሄደውን ኪሎ ሜትር ለሰዓቱ አካፍላለሁ። አማካይ ፍጥነትን ራሱ የሚያሳይ መኪና ያለው ሰው ይህ ድካም ይቀርለታል። ቱርቦ ለሌለው የቤንዚን ሞተር፣ ደረጃውን ለጠበቀ ሲንተቲክ ዘይት 250 ሰዓት፣ ለተራው ማዕድናዊ ዘይት 150 ሰዓት ገደብ አድርጌ እይዛለሁ። ይህ የራሴ ሚዛን ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ ከዚህ የሚያንስ ኪሎ ሜትር ካዘዘ መመሪያው ይቀድማል። አማካይ ፍጥነቱ 18 የሆነ መኪና በዚህ ስሌት በሲንተቲክ 4,500፣ በማዕድናዊው 2,700 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል። በፈጣን መንገዱ አዳማ እየተመላለሰ የሚሠራና አማካዩ 45 የሆነ ሰው ግን በሲንተቲክ ዘይት 10,000 ቢሄድ አልቃወመውም። ነዳጅ ጠፍቶም ሆነ ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ ብዙ የቆመ መኪና ደግሞ ሰዓቱም ኪሎ ሜትሩም ባይሞላ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየርለት።

ስሌቱ ግን የሚሠራው የተቀዳው ዘይት ለሞተሩ የሚስማማ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ነባር መካኒኮች «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» ብለው 20ደብሊው-50 ወይም 40 ቁጥር ያዝዛሉ። ለቀድሞዎቹ ሞተሮች ምክራቸው ትክክል ነበር፤ እንደ ያሪስና ኮሮላ ያሉት ቪቪቲ-አይ ሞተሮች ግን የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክሉት በቀጭን ቀዳዳ በሚያልፍ ዘይት ግፊት ስለሆነ፣ ፋብሪካው 5ደብሊው-30 ካለ ከዚያ መራቅ በቀዝቃዛ ጠዋት ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ሞተሩን ያለ ዘይት ማቆየት ነው። ከቁጥሩ ባልተናነሰ መታየት ያለበት በጀሪካኑ ጀርባ ላይ በትንንሹ የሚጻፈው የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት) የጥራት ደረጃ ነው። ለቤንዚን ሞተር በ«ኤስ» ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ በገፋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። «ኤስፒ» የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን «ኤስኤፍ» ግን እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ለተሠሩ መኪኖች የታሰበ፣ ጊዜው ያለፈበት ደረጃ ነው። ፊቱ ላይ የእሽቅድድም መኪና ተስሎበት ጀርባው ላይ «ኤስኤፍ» የሚል ጀሪካን መደርደሪያ ላይ ካያችሁ ሥዕሉን እርሱት።

በሁለት ቅያሪዎች መካከል የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ማየት ከየትኛውም ካርድ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ዘንጉ ይወጣል፣ በሶፍት ይጠረጋል፣ ተመልሶ ይገባና እንደገና ይወጣል። ቀለሙ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ቆሻሻውን የሚያጥብ ዘይት መጥቆሩ አይቀርም፣ የናፍጣ ሞተር ዘይትማ በተቀየረ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። የሚናገረው ከፍታው ነው። ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት በብዙ ትናንሽ መኪኖች አንድ ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ ዘይቱ በየጊዜው ወደ ታችኛው ምልክት የሚወርድ ከሆነ ወይ ይንጠባጠባል ወይ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ አብሮ ይቃጠላል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ቶሎ ቶሎ መቀየር ሳይሆን መጨመርና ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል፤ ጠብታውን በጣት አሽቶ ማሽተት ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ቀኑን ሳይጠብቁ ማስቀየር ይገባል። የመሙያው ክዳን ሥር እንደ ወተት አረፋ ያለ ነገር ሲታይ ብዙ ጊዜ የአጭር ጉዞ ጠል ነው፤ አረፋው ዘንጉ ላይም ካለና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይመርመር።

ፊልትሮን በተመለከተ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። ውስጡ ሲደፈን ዘይቱ ሳይጣራ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቫልቭ ስላለው መዘጋቱ በምንም ምልክት አይታወቅም፤ ስለዚህ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ መሙላት ዋጋ የለውም። አንዳንድ ቦታ አሮጌው ዘይት ከፈሰሰ በኋላ «ለማጠብ» ተብሎ ናፍጣ ይገባና ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይነሳል፤ ይህን እኔ አላስደርግም። ናፍጣው ሁሉ ተንጠፍጥፎ ስለማይወጣ የቀረው አዲሱን ዘይት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያቀጥነዋል። ዘይቱ በሞቀበት ቢፈስስና እስኪንጠባጠብ ድረስ በትዕግሥት ቢጠበቅ ይበቃዋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ብዙ ዓመት ማገልገላቸው አይቀርም፤ የሚገዛው ሰውም ያለፈውን የሚያውቀው ከሻጩ ቃልና ከዚያች ካርድ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሲገዛ ካርዷ ምንም ትበል ዘይቱና ፊልትሮው ወዲያው ይቀየሩ። የመጀመሪያው ዘይት የቀድሞውን ዝቃጭ እያጠበ ስለሚወስድ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከነፊልትሮው እንደገና ይውጣ። የሰዓቱ ቆጠራ ከሁለተኛው ዘይት ይጀምራል።