የቅዳሜው ሜዳ

እናት አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ለቀን ሥራ ወደ ከተማችን የመጣውን ልጅ፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ «አሰልጣኝ» ነው የሚለው። ደሞዝ ግን የለውም። ዛሬ በማለዳ የልጆቹን የእግር ኳስ ሜዳ ሲያሰምር ቆሜ አየሁት። ማዕዘኑን የሚያወጣው በገመድ ነው፤ በአንዱ መስመር 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ይለካል፤ ጫፍ ለጫፍ ልክ 5 ሜትር ካልመጣ ችካሉን ነቅሎ እንደገና ይተክላል። የናይለን ገመድ አይወድም፤ ሲወጥሩት ይለጠጥና መስመሩ ይንሻፈፋል። ኖራም አያስነካም፤ ላብ ያገኘው እንደሆነ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባማ ጉድ ነው። በወንፊት የተነፋ አመድ ይበቃዋል (ዝናብ ከመጣ ልፋቱ ከንቱ!)። የአዋቂው ፍጹም ቅጣት ምት 11 ሜትር ነው፤ ለትንንሾቹ 8 ላይ አቀረበላቸው። ኳሱም ቁጥር 4፤ ቁጥር 5 ለአስር ዓመት ልጅ እግር ይከብዳል።