«በየሰዓቱ» ማለት በማን ሰዓት? የሦስቱን ሰዓቶች ጥያቄ ስፈታ የሳትኩት

ጥያቄው ይሄ ነው። ግድግዳ ላይ ሦስት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። የግራው 5፡30፣ የመሐሉ 5፡57፣ የቀኙ 6፡30 ይላል። ሦስቱም ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተስተካክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካቸውም፣ ገናም አልመሸም። አንደኛው በትክክል ተስተካክሎ ነበር፣ ግን በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ይቀድማል። ሌላውም በትክክል ተስተካክሎ ነበር፣ እሱ ደግሞ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ይዘገያል። የቀረው አካሄዱ ልክ ነው፤ ጠዋት ሲስተካከል ግን ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ስህተት ተሠርቷል። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገርም። አሁን ትክክለኛው ሰዓት ስንት ነው?

መልሱ ልክ 6፡00፣ እኩለ ቀን ነው። ከመጀመሪያው የነገርኳችሁ መልሱ ቁም ነገር ስላልሆነ ነው። እኔ ያገኘሁት ለስድስት ሁለት ደቂቃ ተኩል ጉዳይ ነበር። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ አለፈ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ቀላሉን በአጭሩ ልለፈው። ንባቦቹን ሁሉ ከጠዋቱ 12 ጀምሮ ወዳለ ደቂቃ ቀይሩ፦ ግራ 330፣ መሐል 357፣ ቀኝ 390። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ይመቻል፤ 12 ዜሮ ስለሆነ 6፡30ን ማንበብና ስድስት ሰዓት ተኩል አለፈ ማለት አንድ ነው። ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይራችሁ 11፡30 እና 12፡30 እያላችሁ አትሥሩ። ስድስት መደመርና መቀነስ ራሱን የቻለ የስህተት ምንጭ ነው፣ እዚህ ደግሞ ምንም አይጠቅምም።

ቀጥሎ ድልደላው። ቀዳሚውንና ዘገምተኛውን ለመምረጥ ስድስት አማራጭ አለ። እያንዳንዱን አማራጭ አስልቼ፣ ቀዳሚውም ዘገምተኛውም አንድ ዓይነት ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጡበትን ፈለግሁ። አንድ ብቻ ተገኘ፦ ቀኙ ቀዳሚ፣ ግራው ዘገምተኛ። ይሄ ትክክል ነው።

ስሌቱ ነው የተበላሸው። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፦ የቀኙ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ሄዷል፤ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ከቀደመ 6.5 ሲባዛ በ5፣ 32.5 ደቂቃ ቀድሟል፤ ከ390 ላይ 32.5 ሲቀነስ 357.5። ማለትም 5፡57 ከግማሽ። ከዚያ በግራው አረጋገጥኩ፦ አምስት ሰዓት ተኩል ሄዷል፣ 5.5 ሲባዛ በ5፣ 27.5 ዘግይቷል፤ 330 ላይ ሲደመር 357.5። እዚያው ቁጥር ላይ ወደቀ፣ ለግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይዛነፍ! የመሐሉ ደግሞ 5፡57 ይላል። ስለዚህ እሱ በግማሽ ደቂቃ ብቻ የተሳሳተ ነው ብዬ ጨረስኩ፤ «ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ» የሚለውም ተሟላ። ሦስቱም ሰዓት መሰከሩልኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስህተቱ የት እንደተደበቀ ለማየት ስድስቱን ሰዓት ትታችሁ አንዷን ብቻ ውሰዱ። ጠዋት ልክ 1 ሰዓት ላይ፣ ማለትም እውነተኛ 60 ደቂቃ ሲያልፍ፣ ቀዳሚው 1፡05 ይላል። አሁን በእኔ ዘዴ ወደ ኋላ ሥሩት። 65 ደቂቃ ሄዷል፤ በየ60ው 5 ስንቀንስ 5.42 ይሆናል፤ የሚቀረው 59.58 ነው። 25 ሰከንድ ጎደለ። ምክንያቱም 5 ደቂቃውን የቀነስኩት ከ60 ላይ ብቻ አይደለም፤ ከራሷ ከተረፈችው 5 ደቂቃ ላይም ቀንሻለሁ። በስድስት ሰዓት 25 ሰከንዷ ስድስት ጊዜ ትደመርና ሁለት ደቂቃ ተኩል ትሆናለች።

ሁለቱ ሰዓቶች ለምን በአንድ ውሸት ላይ እንደተስማሙም ግልጽ ነው። በቀዳሚው ላይ የሠራሁት እውነተኛውን ጊዜ በ13/12 አብዝቶ በ11/12 መመለስ ነው። በዘገምተኛው ላይ ደግሞ በ11/12 አሳንሶ በ13/12 መመለስ። ብዜቱ በየትኛውም ቅደም ተከተል 143/144 ነው። ስለዚህ ካለፈው ጊዜ 144ኛው እጅ ከሁለቱም እኩል ይጎድላል፤ 360 ለ144 ሲካፈል 2.5። «መልስህን በሁለተኛው መረጃ አረጋግጥ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ገደል ይከታል። መረጃው ሁለት ቢሆንም ዘዴው አንድ ነው፤ በዚያው ዘዴ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይባልም።

ይጠቅም የነበረው ወደ ፊት መሥራት ነው። እውነተኛው ሰዓት 357.5 ነው ካልን ቀዳሚው ምን ማሳየት ነበረበት? 357.5 ሲባዛ በ65 ሲካፈል ለ60፣ 387.3 ገደማ፤ ማለትም 6፡27። ግድግዳው ላይ ያለው 6፡30 ነው። ሦስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ልዩነት ወዲያው ይታይ ነበር። ይህን አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ትክክለኛው ስሌት በጥምርታ ነው። እውነተኛውን ደቂቃ ሐ፣ ገጹ ላይ የሚነበበውን ገ በሉት። ቀዳሚው በየ60 ሐ፣ 65 ገ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሐ ማለት ገ ሲባዛ በ12 ሲካፈል ለ13 ነው፦ 390 ሲባዛ በ12፣ 4680፣ ለ13 ሲካፈል 360። ለዘገምተኛው ገ ሲባዛ በ12 ሲካፈል ለ11፦ 3960 ለ11፣ እንደገና 360።

ሐ እና ገ ብዬ መለየቴ ለጌጥ አይደለም። አማርኛችን ለሦስት ነገር አንድ ቃል ነው ያለው። «ሰዓቴ ጠፋ» ስንል ዕቃው ነው፣ «ሁለት ሰዓት ጠበቅኩህ» ስንል 60 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፣ «ስንት ሰዓት ነው?» ስንል ደግሞ ጊዜው። ጥያቄው ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይላቸዋል፦ ሰዓቱ በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ይቀድማል፣ ትክክለኛው ሰዓት ስንት ነው? እኔ «በየሰዓቱ» የሚለውን ሰዓቱ ራሱ በቆጠረው ሰዓት ተረጎምኩት። አዘጋጁ ደግሞ በእውነተኛው ሰዓት ማለቱ ነው።

አዘጋጁንም ዝም ብዬ አላልፈውም። «በየሰዓቱ» ማለት ሰዓቱ ራሱ በሚቆጥረው ሰዓት ነው ብለን ብንወስድ፣ ለቀዳሚው 60 ገ ማለት 55 ሐ፣ ለዘገምተኛው 60 ገ ማለት 65 ሐ ይሆናል፤ መልሱም 357.5 ይወጣል። የተሳሳተው መልሴ በዚህ ንባብ ትክክል ነው! «በእያንዳንዱ እውነተኛ ሰዓት» ብሎ ሁለት ቃል መጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? የመልሱ ገጽ ደግሞ 6፡00 ብሎ ብቻ ዝም፤ መንገዱን አያሳይም። ልማዱ ግን እውነተኛው ሰዓት ነው፤ ካልተባለ በስተቀር በዚያ ውሰዱት፣ ወረቀታችሁ ላይም በዚያ መውሰዳችሁን ጻፉ።

መፍትሔውን ካወቅሁ በኋላ ያገኘሁት አጭር መንገድ ግን ለ13 ማካፈልም አያስፈልገውም። ቀዳሚውና ዘገምተኛው በየሰዓቱ በ10 ደቂቃ ይራራቃሉ። ቀዳሚው ምንጊዜም ከዘገምተኛው ፊት ስለሆነ ከስድስቱ አማራጭ ሦስቱ ሳይሰላ ይወድቃል። ቀሪዎቹን በርቀታቸው ፈትሹ። ቀኝና ግራ፦ ርቀታቸው 60፣ ስለዚህ 6 ሰዓት አልፏል፤ ቀዳሚው በስድስት ሰዓት 6፡30 ይላል፣ ልክ ነው። መሐልና ግራ፦ ርቀታቸው 27፣ ስለዚህ ያለፈው 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀዳሚው 5፡57 ሊደርስ አይችልም። ቀኝና መሐል፦ ርቀታቸው 33፣ ያለፈው 3 ሰዓት ከ18፤ ይሄም አይሆንም። አለቀ።

አንዳንዱ «የቀዳሚውንና የዘገምተኛውን አማካይ ብቻ ውሰድ፣ 5፡30 እና 6፡30 መካከል 6፡00 ነው» ይላል። እዚህ ይሠራል፣ መቅደሙና መዘግየቱ እኩል ስለሆነ። አንዱ 4 ቀድሞ ሌላው 6 ቢዘገይ ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ 6፡24 እና 5፡24 ይላሉ፤ መካከላቸው 5፡54 ነው፣ ስህተት። ርቀታቸው አሁንም 60 ነው፣ በ10 ሲካፈል አሁንም 6 ሰዓት። ርቀቱን እመኑ፣ አማካዩን አትመኑ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲገጥማችሁ ሰንጠረዥ ለመሥራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ነገር ለዩ፦ ሲስተካከል ስንት ስቶ ነበር፣ በሰዓት ስንት ይስታል። መርከበኞች ይህን ልዩነት ቀድመው ያውቁታል። የእንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ የጆን ሃሪሰን የባሕር ሰዓት በ1761 እ.ኤ.አ. ወደ ጃማይካ ሲሄድ፣ ከ81 ቀን በኋላ 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሳተ የተባለው የዕለት መዘግየቱ ቀድሞ ተለክቶ ስለተቀነሰለት ነው።

«ማንም አልነካቸውም» የሚለውን አይታችሁ «ገናም አልመሸም» የሚለውንም አትዝለሉት። ቀዳሚውንና ዘገምተኛውን ለ72 ሰዓት ብትተዋቸው ርቀታቸው 12 ሰዓት ይሞላና ገጻቸው አንድ ይሆናል፤ በአራተኛው ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱም 6፡00 ይላሉ። የሚያይ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተስተካከሉ ጤነኛ ሰዓቶች ናቸው ብሎ ይምላል።

ያቺ «ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ» የምትለው ሐረግ ደግሞ ለምንም አታገለግልም። ሰርዛችሁ እንደገና ሞክሩት፤ በርቀቱ መንገድ አንድ ጊዜም አትነሳም፣ የመሐሉም ሰዓት 3 ደቂቃ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ ይገኛል። እኔን ግን በትክክል ያዘችኝ።