አባባና ተሳቢው ቤት

ትሬይለሩን፣ በመኪና የሚጎተተውን የመዝናኛ ቤት፣ ያሳየኋቸው ዕለት አባባ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሦስት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ «የጎማ መፍቻህን አምጣ» አሉኝና አራቱንም ጎማ ተራ በተራ እየመቱ ድምፁን አዳመጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ስልክ በደንብ አይሰማም፤ ጎማ ግን ይሰማል።

«ይኼ ጎማ ሽማግሌ ነው» አሉ።

«አባባ፣ ጥርሱን እዩት እንጂ! ጭራሽ አልተበላም።»

«ጥርሱ ያልረገፈ ሽማግሌ አታውቅም?»

አጎንብሼ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ፈለግኩ። አሜሪካ በሚሸጥ ጎማ ላይ «ዲ.ኦ.ቲ.» ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔው 2216 ይላል። የ2016 ሃያ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። የትሬይለር ጎማ እንደ ቤት መኪና ጎማ በሩጫ አያልቅም፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሮ ፀሐይ ሲበላው ነው የሚያረጀው። ስለዚህ ጥርሱ ቢያምርም በአምስት በስድስት ዓመቱ መቀየር አለበት። ያገለገለ ትሬይለር ስገዛ ፍራሹን፣ ፍሪጁን፣ ቧንቧውን ሁሉ ከፍቼ አይቻለሁ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ውኃ የሚያሰርግ ስንጥቅ እንዳይኖረው በጣቴ ዳስሻለሁ። ይህችን አራት አኃዝ ግን አላየኋትም። አራቱንም ጎማ ቀየርኩ።

አባባ ወደባችን አሰብ በነበረ ጊዜ በፊያት ከነተሳቢው፣ ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርገው አዲስ አበባ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ። አውሮራ ኮሎራዶ ድረስ ሊጠይቁን ሲመጡ «ትሬይለር ይባላል» ስላቸው ሳቁ። «ተሳቢ ነው እንጂ! ቤት የተጫነበት ተሳቢ።» ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ተሳቢው ቤት ነው።

ያሰብነው የመስቀል ሰሞን ዩታ ክፍለ ግዛት፣ ሞአብ የምትባል ከተማ ለመሄድ ነበር። ከእኛ 355 ማይል ግድም ትርቃለች። አባባ ስሟን ሲሰሙ «የሩት አገር?» አሉ። ስሟስ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው።

ከመነሳታችን በፊት አንድ ሳምንት የፈጀብን ሒሳብ ነው። ትሬይለሩን የሸጠልኝ ሰው «መኪናህ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ ይጎትታል፤ ይኼ ቢሞላም ስድስት ሺህ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረኝ። የፒክአፑን የሾፌር በር ከፍታችሁ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ወረቀት አንብቡ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ መኪናው የሚሸከመው ስንት እንደሆነ ተጽፏል። የእኔው 1,540 ፓውንድ ይላል። ከተሳቢው ክብደት ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ያህሉ ደግሞ በአንገቱ በኩል መኪናው ጭራ ላይ ይወድቃል፤ እሱም ከዚያው ሸክም ይቆጠራል። አንገቱ 750፣ የጋንቾው ብረታ ብረት 100፣ አባባ፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆች 810። ድምሩ 1,660። አንድ ሻንጣ ሳይጫን ከልክ አለፍን።

አባባ ወረቀቱን አስነብበውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጎተትማ በሬም ይጎትታል። መሸከሙንና ማቆሙን ነው የምትጠይቀው።»

ባለቤቴ መፍትሔ አገኘች። «እኔ ሁለቱን ትንንሾች ይዤ በቤት መኪናዬ ከኋላ ከኋላ እከተላችኋለሁ» አለች። ነዳጅ ጨመረብን፤ በኋላ እንዳየሁት ግን ከዚያ የተሻለ ውሳኔ አልወሰንንም።

የተሳቢውን የውኃ በርሜል ባዶውን ተውነው። አርባ ጋሎን ይይዛል፣ አንዱ ጋሎን ከስምንት ፓውንድ በላይ ነው። ውኃ በደረስንበት እንቀዳለን እንጂ ሦስት መቶ ፓውንድ ተሸክመን ሮኪ ተራራን አንወጣም። ቁርጠኝነታችን ግን እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ሦስት ብስክሌት የተሳቢው ኋላ መከላከያ ላይ አንጠልጥለው፣ የታሸገ ምግብና ሁለት ጀሪካን ውኃ የኋለኛው አልጋ ሥር አጭቀው ኖሯል። አላየሁም አልልም። አይቼ «ምን አለበት» ብዬ ዝም አልኩ።

ስንነሳ መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ በጋንቾው ሥር የተጠላለፉትን ሁለት ሰንሰለቶች፣ ተሳቢው ድንገት ቢላቀቅ ራሱን በራሱ እንዲያቆም ፍሬኑን የምትስበውን ቀጭን ሽቦ ሁሉ አየሁ። አዳዲሶቹ ጎማዎች ስለተገጠሙ አርባ ማይል ያህል ሄደን አይዳሆ ስፕሪንግስ ላይ ቆምንና ዳዶዎቹን እንደገና አጠበቅን። ሁለቱ ላልተው ነበር። አዲስ የታሰረ ጎማ የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ላይ ይላላል፤ ይህን ሳያውቁ ጎማቸው ቀድሟቸው የሄደ ሰዎች አሉ።

ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ የሄድንበት የምዕራብ መስመር እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የተከፈተው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን የአየሩ መሳሳት ያሳጣዋል። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ እኔ በሰዓት አርባ ማይል እድሃለሁ፣ የኋላው ሁሉ እያለፈኝ ይሄዳል። አባባ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ጭነው «ጣርማ በር ነው እኮ» ይላሉ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ሙሉ ጭነት ይዘው ስንት ጊዜ እንዳለፉት እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

የሚያስፈራው ግን ዳገቱ አልነበረም። ከዋሻው ስትወጡ ሲልቨርቶርን ድረስ ስምንት ማይል ቁልቁለት ነው፤ እስከ ሰባት ከመቶ ያዘነበለ። ፍሬን ለበጠሰ ከባድ መኪና ተብሎ ወደ ዳር ሽቅብ የተሠራ የጠጠር መንገድ ሁለት ቦታ አለ። ከዋሻው ሳንወጣ አባባ «ማርሽ ቀንስ» አሉ። እኔ ገና ቁልቁለቱ ላይ ልቀንስ ነበር። «ፍጥነት ከያዘህ በኋላማ ማርሹ አይሰማህም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ።» በሁለተኛ ማርሽ ያዝኩት። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን በራሱ ተያዘ። ፍጥነቱ ሲበዛ ብቻ ፍሬኑን ጠንከር አድርጌ ረግጬ አሥር ማይል አወርድና እለቀዋለሁ። እግርን ፍሬን ላይ ጥሎ ቁልቁለቱን ሁሉ መውረድ ፍሬኑን ማቃጠል ነው።

ሲልቨርቶርን ቆመን አባባ እየዞሩ የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል አስጠጉ። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ የቀኙ የኋለኛው ጋ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ሰው ያልነገረኝ ነገር ይህ ነው፦ ለብታ ደህና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ግን ወይ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሺኔታው ቅባት ጠምቶታል። ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዘን፣ የተሳቢውን ፍሬን ከመቆጣጠሪያው ላይ ትንሽ ቀንሼለት ሄድን። ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ እኩል ሆነ።

ቬይልን አለፍን፣ ቅጠላቸው ቢጫ የሆነውን ዛፎች አለፍን፣ የግሌንውድን ገደል ከወንዙ ጋር እየተጠማዘዝን አለፍን። ስለ እነሱ የምጽፈው የለኝም፤ ዓይኔ መንገዱና የጎን መስታወቱ ላይ ነበር።

ግራንድ ጀንክሽን ልንደርስ ስንል ነፋስ ተነሳ። አንድ ረጅም ከባድ መኪና በግራ አለፈኝ፤ መጀመሪያ ወደ ራሱ ሳበን፣ ቀጥሎ ገፋን። መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ። ስልኩ ጮኸ፤ ባለቤቴ ናት። «ኋላው ጭራውን እየቆላ ነው!» እኔ ገና አላየሁም፤ እሷ ናት ቀድማ ያየችው። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሊሄድ ሲል አባባ ጉልበቴን ያዙ። «አትርገጥ! መሪህን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ነዳጁን ልቀቅ።» ለቀቅኩ። የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የምታስይዘውን ትንሿን ማንሻ በጣቴ ገፋኋት። ሦስት፣ አራት ጊዜ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ተሳቢው ልክ እንደ ተገሠጸ ልጅ ኋላችን ተሰለፈ። የመኪናውን ፍሬን ብረግጥ ኖሮ ከኋላ የመጣው ክብደት አጣጥፎን ነበር።

ከአውራ ጎዳናው ወጥተን የከባድ መኪና ሚዛን ያለበት ነዳጅ ማደያ ገባን። ከሃያ ዶላር በታች ነው የሚከፈለው፤ ትሬይለር ያለው ሰው ሁሉ ቢያንስ አንዴ ሊከፍለው ይገባል። ክብደት የሚያከፋፍሉትን ሁለት ብረቶች ፈትተን፣ መጀመሪያ መኪናውን ከነተሳቢው፣ ቀጥሎ ተሳቢውን ዳር አቁመን መኪናውን ብቻ መዘንን። የመኪናው ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንገቱ ክብደት ነው። 480 ፓውንድ ወጣ። ተሳቢው በጠቅላላ 5,780 ነው፤ ከመቶ ስምንት ብቻ ማለት ነው። ብስክሌቶቹና የአልጋው ሥር ጓዝ ጭራውን አክብደው አንገቱን አቅልለውታል።

ትልቁ ልጄ አንገቱን ደፋ። «አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ» አልኩት፤ እውነቴንም ነው። ብስክሌቶቹን ፒክአፑ ላይ ጫንን፣ ጣሳውንና ጀሪካኑን ወደ ፊተኛው ዕቃ ማስቀመጫ አዛወርን፤ እንደገና መዘንን። 690፤ አሥራ ሁለት ከመቶ። አባባ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ እስከ ሞአብ ነፋሱም ከባድ መኪናውም ነበሩ፤ ተሳቢው ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም በሰዓት ከ60 ማይል አላለፍኩም፤ ከ65 በላይ የማይችል የትሬይለር ጎማ ብዙ ነው።

ያደርንበት ዴድ ሆርስ ፖይንት የሚባለው ፓርክ ከኮሎራዶ ወንዝ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ አለው፣ ውኃ ግን ከሞአብ በቦቴ ነው የሚመጣለት፤ ስለዚህ በርሜላችንን ከተማ ሞልተን ወጣን። ስንቆም አባባ ቀድመው ወርደው ታኮ አደረጉ። ታኮ ሳይደረግ ተሳቢ ከጋንቾ አይፈታም፤ ይህን ማንም ሊነግራቸው አልደፈረም።

ማታ ባለቤቴ ቡና ልታፈላ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ውስጥ ሰካች። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው፣ የውኃ ማሞቂያውም እየሠራ ነው። ድርግም! ባለ 30 አምፔር መስመር የሚችለው 3,600 ዋት ነው፤ እሷ ሦስተኛውን ዕቃ ስትጨምር አለቀ። መብራቱን መልሰን፣ ማሞቂያውን አጥፍተን ቆላች፤ ጢሱ ተነሳና የጢስ ማንቂያው ጮኸ። ጎረቤቶቻችን በባትሪ ወጡ። አባባ ማንቂያውን በጋቢያቸው እያራገቡ «ቡና መሆኑን ንገሩት!» ይላሉ። የቀረውን ውጭ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ባለው በሌላኛው ሶኬት ሰክታ ቆላችው። ጎረቤቶቹም አብረውን ጠጡ።

አባባን እስከ መጨረሻው ያልተዋጠላቸው ሽንት ቤቱ ነው። «እና ይኼንን ይዘነው ልንሄድ?» አዎ፣ ይዘነው ነው የምንሄደው፤ ማፍሰሻ ቦታ እስክንደርስ። የሽንት ቤቱ በርሜል መክፈቻ ቆመን ሳለን ዝግ መሆን አለበት፤ ከተከፈተ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ይቀራል፣ እሱን ማጽዳት ለጠላት አይመኙትም። ሲፈስም እሱ ይቀድማል፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ይከተልና ቱቦውን ያጥበዋል። ጓንት ሳትረሱ።

አርችስ ብሔራዊ ፓርክ የሄድነው ተሳቢውን ካምፑ ትተን ነው፤ መኪና ማቆሚያዎቹ ጠባብ ናቸው። አባባ የወደዱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀጭን አንገት ላይ የተቀመጠው ግዙፍ ቋጥኝ፣ ባላንስድ ሮክ። ከነመቆሚያው 39 ሜትር ነው። ብዙ ቆመው አዩት። «ይኼንንስ ማን መዘነው?» አሉ።

ስንመለስ ተሳቢውን ወደምናሳድርበት ግቢ የደረስነው ከመሸ ነው። ቦታችን በሁለት ጀልባዎች መሐል ነው። በሌላ ጊዜ አሥር ጊዜ ወጥቼ ገብቼ ነው የማስገባው። አባባ ወርደው ከኋላ ቆሙ። «እጅህን ከመሪው ታች አድርግ። ተሳቢው እንዲሄድ ወደምትፈልገው እጅህን ውሰደው፤ ሌላ አታስብ።» ከዚያ የሰባ ስድስት ዓመቱ ሰውዬ ጠፉና የኮምቦልቻው ረዳት መጣ፦ «ና! ና! ና! ግራ ስበር! መልስ! ና… ና…» ጥበቃው ጠብ መስሎት ከጎጆው ሮጦ ወጣ።

«ቁም!»

ታኮውን ራሳቸው አደረጉ።