ቡቺ ከጫካ የምታመጣቸው እንግዶች

ሰው የዱር እንስሳን ሲያስብ የሚፈራው ጥርሱንና ጥፍሩን ነው። እኔ አፍንጫዋ አርፎ የማያውቅ ቡቺ የምትባል ውሻ ስላለችኝ ፍርሃቴ ወደ ጥቃቅኑ ዞሯል። ቀበሮ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ቀበሮ በተጸዳዳበት ሣር ላይ የተንከባለለች ውሻ ግን ሶፋዬ ላይ ትተኛለች።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ የሚገኘው የቀበሮ ኮሶ ትል ነው። ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ተሸካሚውን ቀበሮም ሆነ ውሻ እምብዛም አያሳምምም። ውሻ ትሉን የምታገኘው የታመመች የመስክ አይጥ ስትበላ ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል፣ ጠጉሯም ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሰው ከዋጠው የትሉ እጭ ጉበት ላይ እንደ ዕጢ ይስፋፋል፤ ሕመሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። የቤት ማቀዝቀዣ እንቁላሉን አይገድለውም፤ በደንብ ማብሰል ግን ይገድለዋል። ስለዚህ ቡቺ አይጥ ስታሳድድ ባየሁ ቁጥር ፕራዚኳንቴል ስለሚባለው የትል መድኃኒት ሐኪሟን እጠይቃለሁ። ሐኪሟ ሳይሰለቹኝ አልቀሩም።

መዥገርን በተመለከተ ከአክስቴ ጋር መቼም አንስማማም። እርሳቸው መዥገር ሲያዩ ክብሪት ነው የሚፈልጉት። «ተዉ አክስቴ፣ ይተፋባታል» እላቸዋለሁ። በእሳት ወይም በዘይት የተረበሸ መዥገር የሆዱን ፈሳሽ ቁስሉ ውስጥ ሊመልስ ይችላል። እኔ የቡቺን ጆሮ ገልጬ ጠጉሩን እለያለሁ፤ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳዋ ጥግ አፉን ይዤ ሳልጠመዝዝ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ እስባለሁ። መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ ባክቴሪያ ለመተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅበት፣ ከጫካ በተመለስን ምሽት መፈተሽ ትርፉ ብዙ ነው። ሰዎች አጋዘንን ይረግማሉ እንጂ መዥገሩ ባክቴሪያውን በብዛት የሚቀዳው ከአይጦች ነው።

አይጥ ካነሳሁ አይቀር፣ በተዘጋ ዕቃ ቤት ያለ የአይጥ ዓይነ ምድር በደረቁ አይጠረግም። ሃንታ ቫይረስ ከአቧራው ጋር በትንፋሽ ይገባል። በርና መስኮት ከፍቼ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ፤ ጓንት አድርጌ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጬ አርሰዋለሁ፤ ከዚያ በጨርቅ አነሳዋለሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ላይ ግን ቀልድ የለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የሌሊት ወፍ ጥርስ በጣም ትንሽ ስለሆነ ንክሻው ላይታይ ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂድ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ አይቆይ።

ስለዚህ በሽታ ሳነብ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የስዊዘርላንድ ታሪክ ነው። ቀበሮዎችን በጥይት መፍጀት በሽታውን ሊያቆመው አልቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ክትባት የተደበቀባቸው የዶሮ ጭንቅላቶች በየጫካው ተበተኑ፤ ቀበሮዎቹም ያገኙትን እየበሉ ራሳቸውን ከተቡ። በ1999 አገሪቱ ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ።