የኢኢጂ ልምምዴ፦ ስለ ኤሌክትሮድና ጄል እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ጓደኞች። ኢኢጂ ማለት የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሲግናል ከራስ ቆዳ ላይ መቅዳት ነው። ዛሬ የማካፍላችሁ ስለ ኤሌክትሮዱ (ሲግናሉን ለመቀበል ቆዳው ላይ ስለሚቀመጠው ትንሽ ብረት) እና በመሃላቸው ስለሚገባው ጄል ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ሲግናሉ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ ሶፍትዌር ማጣሪያ ነው። እኔ አሁን የማምነው ግን አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ቆዳው ላይ መሆኑን ነው።

ከራስ ቆዳ ላይ የምናገኘው የአንጎል ሲግናል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ነው፤ በጣም ትንሽ ነው። ብረት ደግሞ ጨው ያለበት ጄል ሲነካው የራሱን ቮልቴጅ ይፈጥራል፣ እሱም ከአንጎሉ ሲግናል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኤሌክትሮዶቹ ሁሉ ከአንድ ዓይነት ብረት ከሆኑ ይሄ ቮልቴጅ እርስ በርሱ ይቀናነሳል። ስለዚህ ወርቅ ቅቡን ከብሩ ጋር አታደባልቁ። ሪፈረንሱ (ሌሎቹ የሚነጻጸሩበት ኤሌክትሮድ) እና ግራውንዱም (ሰውየውን ከመሣሪያው የጋራ መነሻ ነጥብ ጋር የሚያገናኘው) ቢሆን እንደዚያው።

የቱ ይሻላል ለሚለው፣ የኔ ምርጫ ብርና ብር ክሎራይድ ነው። ጄሉ ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ያለ ችግር ስለሚቀባበል ቮልቴጁ ይረጋጋል፣ በተለይ ዝግ ያሉ ሞገዶችን ለሚፈልግ ሰው ወደር የለውም። ወርቅ ቅብ ለተለመደው ቅጂ ጥሩ ነው፣ ዝግ ያሉት ሞገዶች ላይ ግን መስመሩ መንሸራተት ያበዛል። ብር ክሎራይዱን ስትመርጡ ደግሞ ላዩ ብቻ የተቀባ ነው ወይስ ዱቄቱ ተጨምቆ የተሠራ የሚለውን እዩ። የተቀባው በብሩሽ ሲፈተግ ሽፋኑ ይለቃል፤ ሁለተኛው እስከ ውስጡ አንድ ስለሆነ ይበረክታል።

ወደ ጄሉ እንምጣ፣ እኔ ጊዜዬን የወሰደብኝ እዚህ ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ቆዳ የሚፍቀው፣ ውስጡ አሸዋማ ቅንጣት ያለው ማዘጋጃ ነው። ሁለተኛው በመርፌ አልባ ስሪንጅ ኤሌክትሮዶቹ ወደተገጠሙበት ቆብ የሚገባው ፈሰስ ያለ ጄል ነው። ሦስተኛው ወፈር ያለው ፔስት ሲሆን ሲግናል ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሮዱንም ይይዛል። የአልትራሳውንድ ጄል የሚሠራው ድምፅ እንዲያስተላልፍ ነው፣ ለኢኢጂ የሚበቃ ጨው የለውም፤ ተዉት።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጭራ ከፍዬ ቆዳው እንዲታይ አደርጋለሁ። ማዘጋጃውን በጥጥ ነክሬ እዚያችው ነጥብ ላይ በስሱ አሻለሁ፤ ቆዳው ቀላ ካለ ይበቃል፣ መቁሰል የለበትም። ከዚያ የስሪንጁን ጫፍ ቆዳው ላይ አስነክቼ፣ እየገፋሁ ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳለሁ፣ አየር በመሃል እንዳይቀር። ኢምፒዳንሱ (ቆዳውና ኤሌክትሮዱ መሃል ሲግናሉን የሚያግደው መጠን፣ በኪሎ ኦም የሚለካ) ወዲያው ካልወረደ ጄል አልጨምርም። ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ጄሉ ቆዳው ውስጥ ሲሰርግ ራሱ ይወርዳል።

የተለመደው ግብ ከ5 ኪሎ ኦም በታች ነው። ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች (ሲግናሉን የሚያጎሉት መሣሪያዎች) ከዚያ ብዙ የሚበልጠውንም ይችላሉ፣ ግን ሁሉም ኤሌክትሮዶች ተቀራራቢ ይሁኑ። አንዱ 3 ሌላው 40 ኪሎ ኦም ሲሆን የመብራት መስመሩ የ50 ወይም 60 ሄርዝ ረብሻ ቅጂው ውስጥ ዘሎ ይገባል።

ጄል ማብዛት ደግሞ አደገኛ ነው። ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ጎረቤቱ ከፈሰሰ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ኢምፒዳንሱም ግሩም መስሎ ይታያል! ሁለት ጎረቤት መስመሮች ቁርጥ አንድ ዓይነት ሲሄዱ ካያችሁ ይሄንን ጠርጥሩ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የምፈትነው ዓይን በማስጨፈን ነው። ከኋላ ባሉት ኤሌክትሮዶች ላይ ከ8 እስከ 13 ሄርዝ ያለው፣ አልፋ የሚባለው የአንጎል ሞገድ ጎልቶ ይወጣል፣ ዓይን ሲከፈት ይከስማል። ሃንስ በርገር የመጀመሪያውን የሰው ኢኢጂ ጥናት በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ካያቸው ሞገዶች አንዱ ይሄው ነው።

ደረቅ ኤሌክትሮድ ለሚጠይቁኝ፦ ለፈጣን ሙከራ ይመቻል፣ ፀጉርም አያበላሽም፣ ግን ሰውየው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ይረበሻል፣ ወፍራምና ከርዳዳ ፀጉር ላይም ቆዳው ድረስ መድረስ ይከብደዋል። በጨው ውኃ የራሰ ስፖንጅ መካከለኛ መንገድ ነው፣ ለአጭር ቅጂ ብቻ፣ ቶሎ ይደርቃልና። ረዘም ላለ ቅጂ ጄል ወይም ፔስት ነው የምመርጠው።

ሲያልቅ ጄሉ ሳይደርቅ ለብ ባለ ውኃ ንከሩት፣ በለስላሳ ነገር አጽዱት፣ በደንብ ሳይደርቅም አታስቀምጡት። ቀጥሎ የምሞክረው ያንኑ ሰው አንዴ በፔስት፣ አንዴ በጄል ቀድቼ ማወዳደር ነው። ውጤቱን እጽፍላችኋለሁ።